ትከሻ ላይ የቀረ እጅ

መጀመሪያ የሰማሁት የተሰበረ መስታወት ነው። ወደ እኛ ሱቅ የሚያወጣውን የእንጨት ደረጃ አንድ ሰው እየወጣ ነበር፤ እግሩ በተነሳ ቁጥር ከረጢት ውስጥ ያለ ስብርባሪ ይንሿሿል። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ የፍሬም ማዕዘን በሙጫ እያያያዝኩ ስለነበር ዞር አላልኩም። ፍሬም ለሚሠራ ሰው የተሰበረ መስታወት ብርቅ አይደለም። ዳሩ ግን ያዘነና የተናደደ ሰው አመጣጣቸው ይለያያል። ያዘነ ሰው ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ስለሚመጣ ስብርባሪው አይጮህም። ይሄኛው ግን እያወዛወዘው ነበር የሚመጣው።

«ተናዷል» አልኩ በሆዴ።

ዞር ስል ሴት ናት። ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች። አደባባዩ ጥግ ካለው መድኃኒት ቤት የምትሠራው ፋርማሲስት ናት። አንዴ ሳል ይዞኝ ሽሮፕ ሸጣልኝ ነበር፤ አወሳሰዱን ስታስረዳኝ አይን አይኗን ሳይ አንድ ቃል ሳልሰማ ወጥቼ፣ ሽሮፑን እንዳሻኝ ስጠጣ ከርሜ እንዲሁ በዕድሌ ዳንኩ። እሷ ያን ጊዜ ያየችኝ አልመሰለኝም። አሁንም የምታየው እኔን ሳይሆን ከረጢቱን ነው።

«መስታወቱን ቀይርልኝ» አለች። «ግን መጀመሪያ ጀርባውን ክፈተው። እኔ እያየሁ።»

የቆየ ፎቶ ነው። ኮስታራ ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ሙሽራዋ ቆማለች። ኮስታራው ወንድ አያቷ ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። ሙሽራዋ ሴት አያቷ፣ ትልቅ ትንሹ «እማማ» የሚላቸው። በአያትየው ትከሻ ላይ ግን አንድ የሴት እጅ አርፏል። የሙሽራዋ አይደለም፤ የሙሽራዋ ሁለቱም እጆች አበባ ይዘዋል። እጁ ከአንጓው ላይ ያልቃል፣ ፎቶውም እዚያው ያልቃል።

ልጅ ሆና አባቷን «ይሄ እጅ የማን ነው?» ብላ ጠይቃ እንደነበር ነገረችኝ። አባቷ መሐንዲስ ናቸው፤ ካገሩ ፎቅ ግማሹ ላይ እጃቸው አለበት። «የወንበሩ ጌጥ ነው» አሏት። «ወንበር ጥፍር አለው?» ብትል ከምሳ ጠረጴዛ ተባረረች። አጎቷን ብትጠይቅ «የፎቶ አንሺው እጅ ነው» አላት። «ታዲያ ካሜራውን በምን ያዘው?» ብላ ከእሱም ተጣላች። ከዚያ ወዲያ አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ ረስቼዋለሁ ብላ ነበር። ያን ጠዋት ሚስማሩ ለቆ ፎቶው ወደቀ፤ ስብርባሪውን ስታነሳ ጥያቄውም አብሮ ተነሳ። አባቷ መስታወቱን እንድታስቀይር፣ አፏን ግን እንድትዘጋ አዘዟት።

«ትልቅ ሰው ነኝ እኮ» አለችኝ፣ ከልካዩ እኔ የሆንኩ ይመስል እያፈጠጠችብኝ። «ስለ አንድ እጅ መጠየቅ የማልችለው ለምንድን ነው?»

ሚስማሮቹን ነቀልኩ፤ ካርቶኑን አነሳሁ። ፎቶው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። ቀስ ብዬ ዘረጋሁት። አሠሪዬ ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር፤ ድንገት ሻይ አማራቸውና ወጥተው ሄዱ።

ከእጥፋቱ ሥር አንዲት ወጣት ሴት ወጣች። ሁለቱ የፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የሚፈጽሙ ይመስል ካሜራው ላይ ሲያፈጡ፣ እሷ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ፊት ለፊት ጥርሷ ላይ ፍንጭት አለ። ቀና ብዬ ፋርማሲስቷን አየኋት። በመገረም አፏን ከፍታ ነበር፤ ያው ፍንጭት።

«ማናት?» አለች በሹክሹክታ።

 የሰው ጥያቄ መመለስ ባለመቻሌ እንዲህ የምቆጭ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

* * *

ከዚያ ወዲህ ጋሼ «ወይዘሪት ማናት» የሚል ስም አወጡላት። ሥራዋን ስትጨርስ እየመጣች ትቀመጣለች። ከቤት የቆዩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ ታመጣና አቧራቸውን እንጠርጋለን፣ ጀርባቸውን እንከፍታለን፣ የማን አፍንጫ የማን ላይ እንደተቀመጠ እንከራከራለን። መጀመሪያ የአንዲት ሴት ጉዳይ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሁሉም ሰው ጉዳይ ሆነባት። ይሄ ሰውዬ ለምን ሁልጊዜ ከዳር ይቆማል? እነዚህ ሁለት እህትማማቾች በአንድ ቀሚስ በየተራ የተነሱት ለምንድን ነው? ጨው እንደበላ ሰው ነው የሆነችው፤ ባወቀች ቁጥር ይበልጥ ይጠማታል። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ያልሆነ ነገር ሁሉ እየሰለቸኝ ሄደ።

ሽማግሌ ለመጠየቅም አብረን መሄድ ጀመርን። «ይቺ ሴት ማናት?» ስትላቸው በራቸውን ይዘጋሉ። ከጊዜ በኋላ ዘዴ አገኘች። በሰፈሩ ስመ ጥር የነበሩ ልብስ ሰፊ እትዬ ዘንድ ሄደን ፎቶውን ዘረጋችና «ቀሚሱ ግን አያምርም፤ ማዳበሪያ ይመስላል» አለች። ሴትዮዋ ከአልጋቸው ተነሱ። ማዳበሪያ? እሳቸው በገዛ እጃቸው ሰፍተውት? አንገቱ ላይ ያለውን ጥልፍ ለመጥለፍ አይናቸው ጠፍቶ? አዲሱን ትውልድ፣ ዝግጁ ልብስ ለባሹን፣ አንድ ባንድ ሰድበው ሲያበቁ የቀሚሱን ባለቤት ነገሩን።

የወንድ አያቷ ታላቅ እህት ናት። አንድ ጸጉር አስተካካይ ወዳ አገባች። ቤተሰቡ መቀስ የያዘ አማች አንፈልግም አለ። የሴትየዋ አባት «እሷ ሞታለች በሉ» ብሎ ቤቱን አዘዘ፤ ቤቱም አለ። ወንድሟም አለ፣ ያ ትከሻው ላይ እጇን ያሳረፈችበት።

«ታዲያ የት ሄደች?» አለች ልጅቷ።

«የት ትሄዳለች? እዚሁ ታች ነዋ፣ ሰማያዊ በር ያለው ጸጉር ቤት። አምና ስትሞት እኔም ነበርኩ፤ ከናንተ ቤት የመጣ ግን አላየሁም።»

ተያየን። እኔ ጸጉሬን የምቆረጠው እዚያ ነው። በሩ አጠገብ ፀሐይ የሚሞቁ አሮጊት ነበሩ፤ እኔን «አንተ የመስታወት ልጅ» ነበር የሚሉኝ። እሷ ደግሞ ወደ መድኃኒት ቤቱ የምታልፈው በዚያ በር ፊት ነው።

ስንወጣ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ሰማያዊው በር ጋ ስንደርስ ቆመች። ወንበሩ አሁንም እዚያው አለ፣ ባዶውን።

«ታውቀኝ ነበር» አለች። «በየጠዋቱ 'አያትሽ ደህና ናት?' ትለኝ ነበር። ወሬ የምትወድ አሮጊት ናት ብዬ፣ ሳልቆም 'ደህና ናት' እያልኳት አልፋለሁ። ሳልቆም እኮ ነው!»

ምንም ጥፋት እንደሌለባት ልነግራት ጀመርኩ።

«አታጽናናኝ። አሁን ማልቀስ አይደለም የምፈልገው፤ መናደድ ነው።»

 አፌ ያመጣልኝን «እንግዲያው ብቻሽን አትናደጂ» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ሰው በፍቅር ሲታይ እንዴት እንደሆነ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። በዚያ ዓይነት አይን፣ እንባውን በቁጣ ገትቶ በያዘ አይን መታየት ግን ምን እንደሆነ የጻፈ የለም። እኔም አልችልበትም።

ቆይታ «ያንተስ?» አለች። «ያንተ ሰዎች የታሉ?» ከኪሴ የእናቴን ጉርድ ፎቶ አወጣሁ። ሌላ የለኝም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ስለ አባቴ ስጠይቃት ሥራ ይበዛባታል። ፋርማሲስቷ «የሰው ዘመድ በሙሉ ፍሬም ስታለብስ ኖረህ እናትህን በኪስህ?» ብላ ተቆጣችኝ። «ፍሬም ውስጥ ብትገባ ይውጣታል፣ በጣም ትንሽ ናት» አልኳት። በሚቀጥለው ቀን ከቁርጥራጭ እንጨት አንዲት ፍሬም ራሷ ሠራች። ማዕዘኗ አይገጥምም፣ በስንጥቁ ብርሃን ይገባል። እንደዚያች ያለ የሚያምር ሥራ ከሱቃችን ወጥቶ አያውቅም። ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቴን «እናቴ ስትስቅ ምን ትመስል ነበር?» አልኳት። አክስቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አልበዛባትም።

* * *

መሐንዲሱ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም፤ ጫማቸው የእኛን ሰጋቱራ የሚጸየፍ ይመስል ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«የአክስቴ» አልኩ።

ለቀልድ አልመጣሁም አሉ። እኔም እየቀለድኩ አልነበረም። እሑድ የእናታቸው ልደት ነው፤ ፎቶው እንደ ድሮው ታጥፎ፣ በድሮው ልክ ተገጥሞ እሳቸው ቤት እንዲደርስ አዘዙ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው እዚህ ደረጃ ላይ እንደማትታይ ነገሩኝ። እሷም እሺ ብላለች አሉ። ደረጃውን ሊወርዱ ሲሉ መለስ ብለው «ፍሬም ሠሪ ከሆንክ ፍሬምህን እወቅ» አሉ።

እስካሁን አንቱ ስላቸው ቆይቻለሁ። ከዚህ በኋላ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ ብዕሬ እምቢ ብሏል።

ሰውየው የሰደበኝ አልነበረም ያቃጠለኝ። «እሺ ብላለች» ያለው ነው። አንድ ቀን ጠበቅኋት፣ ሁለት ቀን ጠበቅኋት፤ የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ቀና እላለሁ፣ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። በመድኃኒት ቤቱ በኩል ባልፍ በመኪና ሲወስዳት አየሁ። በመስኮቱ አየችኝ፤ አይኗን ሰበረች። በቃ፣ እሷም ታጠፈች አልኩ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ያቺን ሳቂታ ሴት «አየሽ፣ በዘርሽ ነው መጥፋት» አልኳት። ለማጠፍ እጄን ስሰድ ግን ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

ጋሼ ከመስኮቱ ሥር ያዩኝ ነበር።

«ያጠፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ያኔ ወጣት ነበሩ። ፎቶውን ይዛ የመጣችው ሙሽራዋ ራሷ ናት፣ የዛሬዋ እማማ። ባሏ እህቱ ተቆርጣ እንድትወጣ አዟል። ሙሽራዋ ትእዛዙን ስትናገር አይኗን ከመቀሱ ላይ አልነቀለችም አሉ፤ ሁለቱ ሴቶች እንደ እኩያ ጓደኛ የሚዋደዱ ነበሩና።

«በእኛ ሥራ እንጨት ይቆረጣል፣ መስታወት ይቆረጣል። ሰው አይቆረጥም። እሷ እያየችኝ አጠፍኩት። እኔም ምንም አላልኩ፣ እሷም ምንም አላለች። ያንን እጅ ግን እዚያው እንዲታይ ተውኩላት።»

ስለዚህ እማማ ያውቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ መስታወት ሥር ሰው እንዳለ እያወቁ በፊቱ ሲያልፉ ኖረዋል። በማን መናደድ እንዳለብኝ ግራ ገባኝ፤ ባዘዘው ነው፣ ዝም ባሉት ነው? በሁሉም ተናደድኩ። ጋሼ ላይም ጭምር።

ጋሼ አልተቀየሙም። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊገዙ ወጥተው ሲመለሱ አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ላንተ ነው አለች። ሳል አለብህ እንዴ?»

የሳል ሽሮፕ ነው። የአወሳሰድ መመሪያ በሚጻፍበት ቦታ በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይል ነበር፦

«ይሄን እንኳ አንብበው፤ ያኔ አንድ ቃል እንዳልሰማኸኝ አውቃለሁ። እሺ አላልኩም፤ ዝም ነው ያልኩት። እኛ ቤት ዝምታ ለእሺ ይቆጠራል። ሰፊ አድርገህ ሥራውና እሑድ ይዘህ ና። የማትመጣ ከሆነ ግን ንገረኝ፣ በአንተም ልናደድ።»

ያኔ አይታኛለች። ገና በሳሉ ጊዜ አይታኛለች። ያን ቀን የሰነጠቅሁት እንጨት ሁሉ ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀልኝ።

* * *

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አክስቴ ሸሚዜን ተኩሳልኝ ነበር፤ የአንገትጌው አንዱ ጫፍ ግን ያለ ልቡ የመጣ እንግዳ ይመስል አልተኛም አለ። የመሐንዲሱ ሳሎን ሰፊ ነው። ኬክ ተቀምጧል፣ አጎት፣ አክስትና የልጅ ልጅ ሶፋውን ሞልተውታል። እማማ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሹራባቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው። እኔ በወረቀት የተጠቀለለውን ፍሬም ተሸክሜ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ይሄ ሁሉ ስፋት ምንድን ነው?» አለ መሐንዲሱ።

መልስ ሳልሰጥ ፋርማሲስቷ ተነስታ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቀደደችውና ፎቶውን ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

እጥፋቱ የተወው ነጭ መስመር በእጁ አንጓ ላይ ያልፋል። ልሸፍነው እችል ነበር፤ አልሸፈንኩትም። ከመስመሩ ወዲያ ያቺ ሴት ትስቃለች። ከሶፋው በኩል ማንኪያ ሲወድቅ ሰማሁ።

መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከጩኸት የባሰ ነው። አባቱ የወሰኑትን ማንም እንደማይፈታ፣ ያቺ ሴትዮ የቤቱን ስም ጭቃ ውስጥ ጥላ እንደሄደች፣ ይህን ቆሻሻ እናቱ ልደት ላይ ያመጣ ሰው ደረጃውን በጤና እንደማይወርድ ተናገረ።

«ሴትዮ አትበላት» አለች ልጁ። «አክስትህ ናት። የት እንደሄደችም ልንገርህ። ከዚህ በእግር ተነስተህ ኬኩን ገዝተህ የምትመለስባት መንገድ ላይ ነበረች። ስሙን ጭቃ ውስጥ የጣልነው እኛ ነን፤ በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብለን፣ ሲሞት ደግሞ አልሰማንም ያልን።»

«ይሄን ያስተማረሽ ይሄ ነው?» አለ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። «አባቱን የማያውቅ የእኔን አባት ሊያስተምረኝ?»

 የምመልሰው ሞልቶኝ ነበር፤ ያን ሳምንት ሙሉ ብቻዬን እያወራሁ ስዘጋጅ ነው የከረምኩት። ከዚያ ሁሉ የወጣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ውጣ ካሉኝ እወጣለሁ» አልኩት። «እጠፋት ካሉኝ ግን አላጥፋትም።»

ያኔ ነው እሷ መጥታ ከጎኔ የቆመችው። በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት፣ ያ ሁሉ አይን እያየ፣ እጇን አንስታ ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ልክ እንደ ፎቶው። 

«እኔንስ የት ላይ ነው የምታጥፉኝ?» አለች። «አሳዩኝና ልወቀው። እዚህ ጋ ነው?» በሌላ እጇ አንጓዋን ነካች። «ካጠፋችሁኝ በኋላ ለልጆቻችሁ ምን ልትሏቸው ነው? የወንበሩ ጌጥ ነው?»

አባቷ ወደ አጎቷ ተመለከተ። አጎቷ ጫማውን ያይ ጀመር። የሳሎኑ ዝምታ እንደ ድሮው እሺ ለመሆን እየተዘጋጀ ነበር፤ እኔ ተሰማኝ፣ እሷም ተሰማት መሰለኝ፣ ጣቶቿ ሸሚዜን ጨመደዱ። ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እማማ» አለች፣ አሁን ለስለስ ብላ። «በየጠዋቱ በሩ ላይ ተቀምጣ 'አያትሽ ደህና ናት?' ትለኝ ነበር። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አልዘለለችም። ለእርስዎ የተላከ ሰላምታ መሆኑን አላወቅሁም። ዘግይቼ ነው ያመጣሁት።»

እማማ ፎቶውን አዩት። ያቺን ሳቂታ አይደለም መጀመሪያ ያዩት፤ እጁን ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ የማን ተማሪ እንደሆንኩ፣ ምን እንደማውቅ በአንድ ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። እኔም የያዝኩባቸው ንዴት በዚያ አስተያየት ፊት የት እንደገባ አላውቅም።

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። የልጅ ልጆቻቸው ሊደግፏቸው ሲነሱ በእጃቸው ከለከሉ። በኬኩ አጠገብ አለፉ፣ በልጃቸው አጠገብ አለፉ። እኔ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። አልተኛም ብሎ የቀረውን የአንገትጌዬን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው አስተኙት፤ የልጅ ልጃቸውን እጅ፣ እዚያው ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ ጫን አደረጉት።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለ መሐንዲሱ። ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር።

ሹራባቸውን ሰብሰብ አደረጉና ሰማያዊው በር ወዳለበት መንገድ ወጡ። በሩን አልዘጉትም።